ስንቅ፣ ድርጎና ቆጮ

ተማሪ በእረፍቱ ወቅት ምን ይሠራል ቢሉ መልሱ ብዙ ነው። ገሚሱ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ ገሚሱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፤ የቀረው ደግሞ ዶርም ውስጥ ተጋድሞ ይከርማል። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ባለፈው እረፍት በእግራችን እንጓዝ ብለን ተማከርን። ከአርባ ምንጭ ተነሥተን በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ፣ ከጨንቻ ወደ ዶኮ፣ ከዚያም በዲታ ዞረን ለመመለስ ስድስት ቀን መደብን። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መንገድ መንገድ ሳይሆን መሰላል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና ይህች ጽሑፍ የጉዞ ማስታወሻ አይደለችም። ስለ አባያና ስለ ጫሞ ሐይቆች ውበት፣ በመካከላቸው ስላለው የእግዜር ድልድይ ሌሎች ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኛ ለመጻፍ የተነሣነው በመንገድ ላይ ስለበላነው ምግብ፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ማታ አንበላም ስላልነው ምግብ ነው። ነገሩ ከላይ ሲታይ የሆድ ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን የታሪክ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ለመንገዱ የተሰናዳነው እንደ ዘማች ነበር። አንደኛው እናቱ ያዘጋጀችለትን በሶ በላስቲክ ቋጥሮ፣ ሁለተኛው ዳቦ ቆሎ፣ ሦስተኛው ድርቆሽ፣ አራተኛው ጭኮ በጣሳ ይዞ መጣ። ይኼን ሁሉ ተሸክመን ያንን ዳገት ስንወጣ የፈሰሰው ላብ ምኑ ቅጡ! ከአራታችን አንዱ የዶርዜ ተወላጅ ነው። ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ስለመጡ ያደገው ሽሮ ሜዳ ነው። ትውልዱን ያወቅነው ግን በዚህ ጉዞ ላይ ነው እንጂ ሁለት ዓመት በአንድ ዶርም ስንኖር «የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መንገዱን ሲመርጥልንም «እዚያ ዘመድ አለኝ» ብቻ ነበር ያለን።

ማታ ደርሰን ያረፍነው በአጎቱ ቤት ነው። ቤቱ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቁመቱ ከሩቅ የሚታይ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስለው የዶርዜ ቤት ነው። ጭጋጉ ወርዶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የአጎትየው ባለቤት እሳቱን አንድደው ቆጮ ጋገሩና ከዳጣና ከማር ጋር አቀረቡልን። ከመካከላችን አንዱ ጎንበስ ብሎ «ይሸታል እኮ» ሲል በእንግሊዝኛ አንሾካሾከ። ሌላው ሆዱን እንዳመመው ተናገረ። ከዚያ በኋላ «እናመሰግናለን እማማ፣ ስንቅ ይዘናል» አልንና በሶአችንን በጥብጠን ጠጣን። ጓደኛችንም ከእኛ ጋር በሶ ጠጣ። በገዛ አክስቱ ቤት፣ የቀረበለትን ቆጮ ወደ ጎን ትቶ በሶ ጠጣ።

አጎትየው ሽሮ ሜዳ 20 ዓመት ሸምነው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኛ አማርኛ አይተናነስም፤ እንግሊዝኛውም ቢሆን ሳይገባቸው አልቀረም። ፈገግ አሉና እንዲህ አሉን፦ «እናንተ የምትለብሱትን እኛ በአደባባይ እንሸምናለን። እኛ የምንበላውን ግን አዲስ አበባ እያለን ተደብቀን ነበር የምንበላው። እንግዲህ ዛሬ ደግሞ በገዛ ቤቴ ልደበቅ?»

አንዳችንም አልመለስንም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል የአገራችን ተረት። እኛ አራት ሆነን፣ ሰው በሞላበት ቤት፣ ብቻችንን በላን። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። «ይህ ነውር ከየት መጣ?» ብለን በሹክሹክታ ስንከራከር አደርን። በዚያ ክርክር የተነሡትን ነጥቦች ወደ ግቢያችን ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት አገላብጠን አሟላናቸው።

ከስንቅ እንጀምር። በእግር የሚጓዝ ሰው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በሦስት መንገድ ሲበላ ኖሯል፤ ተሸክሞ፣ ተሰጥቶት፣ ወይም አስገድዶ። ስንቅ የመጀመሪያው ነው። በሶ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ስለሚፈጭ እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው ከተገኘ ይበቃዋል። ድርቆሽም፣ ቋንጣም፣ ዳቦ ቆሎም ውኃቸውን ስላጡ ሳይበላሹ ይሰነብታሉ። የቀድሞው ሠራዊት ዛሬ በምናውቀው መልክ ከመንግሥት ጎተራ የሚሰፈርለት ሠራዊት አልነበረም። ዘማቹ የራሱን ስንቅ በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ የሚፈጩለትንና የሚጋግሩለትን ሴቶች አስከትሎ ይዘምት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የተጓዘው ሕዝብ በዚሁ ዓይነት ነው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ያቋረጠው። እናቶቻችን ለእኛ የቋጠሩልን በሶ እንግዲህ የዚህ ረጅም ታሪክ ቅርስ ነው፤ በዚያ አናፍርም።

ችግሩ ስንቅ ያልቃል። ስንቁ ያለቀበት ዘማች የሚበላው ካለፈበት አገር ገበሬ ነው። በሰላም ጊዜም ቢሆን ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ይቀመጥ ስለነበር፣ የገበሬው ማጀት የእንግዳው ማጀት ሆኖ ይከርማል። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት እንዲከፈል ያደረጉት ወታደሩ በየገበሬው ቤት መቀለቡ ቀርቶ ከተሰበሰበው እህል እንዲቀለብ ታስቦ ነበር። አንድ መንግሥት ይህን መደንገግ ካስፈለገው፣ ከዚያ በፊት የነበረው መስተንግዶ ምን ያህል መራራ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ድርጎ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ድርጎ የንጉሥ ወይም የመኳንንት እንግዳ የሆነ ሰው በየሰፈረበት የሚቀርብለት የዕለት ቀለብ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ የአውሮፓ ተጓዦች በመጻሕፍታቸው ደጋግመው ያነሡታል። እንጀራው፣ በጉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ጠጁ ከአካባቢው መንደር ተሰብስቦ ይመጣል። ሲበዛለት ተጓዡ ሕዝቡን ደግ ይለዋል፤ ሲያንስበት ወይም ሲዘገይበት ንፉግ ይለዋል። ነገር ግን በጉ የማን በግ እንደ ነበር፣ የዚያን ዕለት የእነማን ልጆች ጦማቸውን እንዳደሩ የጠየቀው ጥቂት ነው። እንግዲህ «የኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይነት» እየተባለ በየመጽሐፉ የሚወደሰው ነገር ከፊሉ ከልብ የመነጨ መስተንግዶ ሲሆን ከፊሉ ግብር ነበር። ሁለቱን ለይቶ ማየት የታሪክ ተማሪ ግዴታ ይመስለናል።

አሁን ወደ ጋሞ ደጋ እንመለስ። ይህ አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በምኒልክ ጦር ተይዞ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ጨንቻ የሹማምንትና የወታደር ከተማ ሆነች። በ1950ዎቹ አርባ ምንጭ ተቆርቁራ ቦታውን እስክትረከብ ድረስም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የሰፈረው ወታደር ደመወዙ ገባር ነበር። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱ ትፈጫለች። የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ እየተሸረሸረ ቢሄድም ጭሰኝነቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት እስከ ታወጀበት ጊዜ ድረስ ዘልቋል።

ልብ በሉ፤ ወደዚህ ደጋ ከሰሜን በእግሩ የመጣው ሰው የፈለገው እህል ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ። እህል በአውድማ ላይ ይታያል፣ ይገመታል፣ ይሰፈራል፣ በአህያ ይጫናል። እንሰት ግን ከቤት ጓሮ ቆሞ የሚኖር ተክል ነው። የተወሰነ የመከር ወር የለውም፤ ባለቤቱ ሲያስፈልገው ይቆርጠዋል፤ ከተፋቀ በኋላ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል። እርጥብና ከባድ ስለሆነም ለጭነት አይመችም። ይህን ምግብ ለመገመትም ለመዝረፍም አስቸጋሪ እንደ ነበር መገንዘብ አያዳግትም። እንግዲህ አዛዡ አዝዞ የሚበላው እህል «ምግብ» ተባለ፤ የታዛዡ ቤተሰብ ተደብቆ የሚበላው ቆጮ ደግሞ ተናቀ። የእኛ አፍንጫ በዚያች ማታ የተሸማቀቀው በሽታው ብቻ አልነበረም። ሳናውቀው የወረስነው ንቀት ነበር።

ታዲያ ይህ ንቀት እውነት የሰሜኑ ሰው የጥንት ባሕርይ ነው? አይደለም። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ እንሰትን ሥዕሉን ጭምር አስገብቶ ገልጾታል። ያየውም በሩቅ ደቡብ ሳይሆን ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ባለው አገር ነው። ሰዎቹ ቀቅለው እንደሚበሉት ጽፎ ጣዕሙን ከአዲስ የስንዴ ዳቦ ጋር አመሳስሎታል። ስለዚህ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንሰት በሰሜንም የሰው ምግብ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? አሁንም እኮ ከቤታችን አልጠፋም። እናቶቻችን ለበዓል ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከሥርም ከላይም የሚያለብሱት ኮባ ምንድነው? የዚሁ የእንሰት ቅጠል ነው። ያንን ልዩ ሽታ ሁላችንም እንወደዋለን፤ «የኮባ ዳቦ» ስንል አፋችን ምራቅ ይሞላል። ቅጠሉን ወደን ግንዱን መናቃችን እንግዲህ የጣዕም ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት አፍረን ስንነሣ እማማ ወደ ጓሮ ወሰዱን። ጓደኛችን እያስተረጎመልን ሥራውን አሳዩን። የእንሰት ግንድ እንደ ዛፍ ግንድ እንጨት አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግር እርስ በርሱ ተደራርቦ የሚሠራው ነው። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ እንደ አካባቢው አየር ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶቹ ይቆርጡታል፤ የቅጠሉን እግር በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፤ አንድ ላይ አድርገው በቅጠሉ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። እዚያ ሳምንታት፣ በብርዱ ደጋ ደግሞ ወራት ይብላላል። ሲጨመቅ ከሚወርደው ውኃ ሥር ነጩ ቡላ ይገኛል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አምቾ ይባላል፤ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድ ይፈተልበታል። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፤ የከብቱ ፍግ ተመልሶ ለተክሉ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም።

ከመካከላችን ጉልበተኛ ነኝ ባዩ «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ወገቡን ይዞ ሲነሣ እማማ በሳቅ ፈነዱ። አንድ ነገር ብለው ጓደኛችን ተረጎመው፦ «ይኼ የሚሸተው ምግብ ብዙ ላብ አለበት በሏቸው» ብለው ነው። ለቁርስ ትኩስ ቆጮ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ አራታችንም እጃችንን ሰደድን። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ጉርሻ ከበደን፤ ሁለተኛው ቀለለን፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን የቆጠረ የለም። ጓደኛችን ከሁላችን አብልጦ በላ። አክስቱም እያዩት ዝም አሉ።

በሶአችንንስ? ለልጆቹ ሰጠናቸው። አጎትየው ከላስቲኩ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና «ገብስ ነው? ገብስ እኮ እዚህም ሞልቷል» አሉ። እንዴ! ከጨንቻ በላይ ያለው ማሳ ሁሉ ገብስ መሆኑን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ለካስ ያን ዳገት ላባችንን ያፈሰስነው ገብስ ተሸክመን ወደ ገብስ አገር ለመግባት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያለ ስንቅ ተጓዝን። ጨንቻ ላይ ከተቀቀለ ድንች ጋር ጎመን፣ ዶኮ ላይ የገብስ ገንፎ፣ በደጋው ላይ የሚበቅለውን ፖም እየገመጥን አለፍን። በመጨረሻ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ደግሞ ገብሱም እንሰቱም ወደ ኋላ ቀርቶ በቆሎና ሽፈራው ጠበቁን፤ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተሠራ ኩርኩፋ በላን። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ልዩነት በመስኮት ያልፈዋል። በእግሩ የሚሄድ ግን ከፍታው በተቀየረ ቁጥር ሣህኑ ሲቀየር ያያል፤ ሰው ከመሬቱና ከአየሩ ጋር ምን ያህል ዘመን ተማክሮ እንደኖረ ይገባዋል።

ይህን ስንል ግን ቆጮን እንደ ጣዖት ለማቆም አይደለም። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ገንቢ ምግብ ስለሚያንሰው ወተት፣ ባቄላና ጎመን ያስፈልገዋል። ሥራው በሴቶች ጫንቃ ላይ የወደቀ ከባድ ሥራ ነው፤ ይህ ተሻሽሎ የሚቀልበት ዘዴ መፈለግ አለበት። ተክሉን ሙሉ በሙሉ የሚገድል አጠውልግ በሽታም አለበት። ይሁንና ዛሬ በኢትዮጵያ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ ነው። በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ሲያልቅ፣ ዝናብ ሲቀር ወዲያው የማይሞት፣ ጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ያለው ሕዝብ ምን ዓይነት ሀብት እንደያዘ አገሪቱ መማር ነበረባት። በ1977 ዓ.ም. እንደገና ስትራብም ትምህርቱ ገና አልተወሰደም ነበር። የናቁትን ምግብ ማንም አያጠናውም። ንቀት እንግዲህ ከስድብ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ወደ ዶርዜ የውጭ አገር ጎብኚዎች ይመጣሉ። ቆጮ ሲፋቅና ሲጋገር ያያሉ፤ በማር እያጠቀሱ ይቀምሳሉ፤ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ገንዘብ ከፍለው ይሄዳሉ። ፈረንጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ የቀመሰውን የአዲስ አበባ ተማሪ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሸው ምን ይባላል? ጎብኚውም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ቀምሶ አገሩን አወቅሁ ማለቱ ያስቃል፤ እኛም ስድስት ቀን በልተን አወቅን አንልም። ግን ከዜሮ አንድ ይሻላል።

ከአጎትየው ቤት ስንወጣ ገንዘብ አዋጥተን ለእማማ ዘረጋን። አልተቀበሉም። «ጋሼ፣ ከማንም አንወስድም ካላችሁ ጎብኚውንስ ለምን ታስከፍላላችሁ?» ብለን አጎትየውን ጠየቅናቸው። «ለጎብኚ እናሳያለን፣ እንሸጣለን፤ ያ ሥራችን ነው። ለልጄ ጓደኞች ግን ምግብ አልሸጥም» አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ «ክፈሉ ካላችሁኝ፣ አዲስ አበባ ስትገቡ እኛ ቤት ምን እንደበላችሁ ሳትደብቁ ለሰው ንገሩ። ያ ይበቃኛል» አሉን።

ይህን በዚህች ቡለቲን ላይ የጻፍነው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ስንቅ ይዘን ሄደን ነበር፤ ስንቅ ይዘን ተመለስን። ጓደኛችን ከአክስቱ የተሰጠውን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ፈታው። ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላ ሁለት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ። ሦስተኛው ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «የእናቴን ቤት ነው የሚሸተኝ» አለ። እሱም ለካስ እንሰት ካለበት አገር የመጣ ልጅ ኖሯል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤታችን ሲሆን እኛ አናውቅም ነበር። ግባና ብላ አልነው። ገባ።